መጀመሪያ ያውርዱ

አንድ ጫኝና አውራጅ ነበሩ፤ ጋሽ ሽብሩ ይባላሉ። አርባ ዓመት ከጭነት መኪና ላይ እህልና ሲሚንቶ ሲያወርዱና ሲጭኑ ኖረው፣ ወገባቸው ሲደክም የሰፈሩ ንባብ ቤት ጠባቂ ሆኑ። እዚያም ኮምፒውተር መክፈትና ፋይል መቅዳት ቀስ ብለው ለመዱ።

አንድ ቀን ፍሬሕይወት የምትባል የኮምፒውተር ባለሙያ መዳፍ የምታክል ትንሽ ኮምፒውተር ለንባብ ቤቱ ይዛ መጣች። ይህች ኮምፒውተር የራሷ ማከማቻ የላትም፤ የምትሠራው ጥፍር በሚያክል ሚሞሪ ካርድ ነው። ፍሬሕይወት ካርዱን ከተበላሸ ስልኳ አውጥታ ሰጠቻቸውና ሊኑክስ የሚባለውን ኮምፒውተር የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት እንዲጭኑበት ነገረቻቸው። ስልኩን ስታነሣ ፊቷ ጠቆረ። የሟች እናቷን ድምፅ የቀዳችው በእሱ ነበር። ድምፁ ከስልኩ ጋር ጠፋ ብላ ስለምታምን ካርዱን አንድም ቀን ከፍታ አላየችም።

«ባዶ ካርድ ነው፤ ሥራውም ቀላል ነው። መጀመሪያ ያወርዳሉ፣ ከዚያ ይጭናሉ» አለቻቸው።

«እሱማ አርባ ዓመት እንጀራዬ ነው» አሉ ጋሽ ሽብሩ ስቀው።

እሷ ማውረድ ያለችው ሊኑክስን ከኢንተርኔት ማውረድን ነበር። እሳቸው የሚያውቁት ማውረድ ግን አንድ ብቻ ነው፤ የነበረውን ጭነት ማንሣት። ባለመኪኖችም «ባዶ ነው» ይሏቸው ነበር። እሳቸው ግን መኪናው ላይ ወጥተው ሳያዩ አንድ ጆንያ ጭነው አያውቁም።

ካርዱን በንባብ ቤቱ ኮምፒውተር ከፈቱት። ባዶ አልነበረም። እንዳላበላሽ ብለው እየፈሩ ፎቶውንም ድምፁንም አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተሩ ቀዱ፤ እያንዳንዱ መቀዳቱንም ከፍተው አረጋገጡ። ሳምንቱ በዚሁ አለቀ።

ፍሬሕይወት ስትመለስ ትንሿ ኮምፒውተር እንደተቀመጠች ናት።

«ሳምንት ሙሉ ምን ሲሠሩ ቆዩ?»

«ሳወርድ።»

«ኢንተርኔቱ ደካማ ነው?»

«ኢንተርኔቱን ምን አውቄ። ካርዱ ላይ ያለውን ነው ያወረድኩት።»

ፍሬሕይወት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ከዚያ ማውረድ ማለት ምን እንደሆነ አስረዳቻቸው። ጋሽ ሽብሩ አፈሩ። አንገታቸውን ደፍተው፣ የአንዲት እናት ድምፅ አግኝተው የሰው ዕቃ ነው ብለው ለብቻው እንዳኖሩት ነገሯትና ከፈቱላት።

«ፍሬዬ፣ ይሄ ነገር እየሰማኝ ነው? በይ ሹራብሽን ይዘሽ ውጪ፣ ማታ ይበርዳል።»

የፍሬሕይወት ሳቅ ተቋረጠ። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ድምፁ ሲያልቅ ደግመው እንዲከፍቱላት በእጇ ብቻ ለመነቻቸው።

በኋላ ሁለቱ አብረው ሊኑክስን አወረዱ። ፕሮግራሙ ካርዱ ላይ ከመጻፉ በፊት፣ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ አስጠንቅቆ ይቀጥል እንደሆነ ጠየቀ። ፍሬሕይወት ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ ሳታነብ አልፋዋለች። አሁን ግን ጣቷን ከቁልፉ ላይ አንሥታ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«አውርደናል አይደል፣ ጋሼ?»

«አውርደናል ልጄ። ጫኚ።»

ካርዱ ተጭኖ ሲገባላት ትንሿ ኮምፒውተር አረንጓዴ መብራቷን ብልጭ ድርግም አድርጋ ተነሣች።

አዲስ ነገር መጫን መልካም ነው። ነገር ግን ባዶ ነው የተባለ ሁሉ ባዶ አይደለም። ካርድም፣ አሮጌ ቤትም፣ ጥግ ይዞ ዝም ያለ ሰውም የተሸከመው ነገር አለ። ያንን በእጅ ተቀብሎ በደህና ማኖር ጊዜ ማባከን አይመስለኝም። እርስዎስ፣ ባዶ ነው ብለው ሊጭኑበት ያሰቡትን አንድ ጊዜ ከፍተው አይተውታል?