የአያ ጓንጉል ምላስና የፊታውራሪ ቦይ

አያ ጓንጉልን በዓይኔ አላየሁትም፤ ያዩት ሰዎች የነገሯቸው ናቸው የነገሩኝ። ታች ሰፈር ምንጩ አጠገብ የሚኖር፣ ከምላሱ በቀር ይህ ነው የሚባል ሀብት ያልነበረው ሰው ነው። በዚያ ዘመን ማዘጋጃ ቤቱ ጎርፍ ገበያውን እንዳያጥለቀልቅ ብሎ ከላይ ሰፈር እስከ ምንጩ አጠገብ ድረስ ቦይ አስቆፈረ። ቦዩ ለዝናብ ውሃ ብቻ ነው፣ ሌላ ነገር የጨመረበት ይቀጣል ተብሎም አዋጅ ተነገረ። አዋጁን ያስነገሩት ፊታውራሪ አምዴ ናቸው። ከቦዩ ራስ ላይ ቆዳ የሚያስለፉበት ግቢ ያላቸውም እሳቸው ናቸው።

ፊታውራሪ ሕግ አክባሪ ስለሆኑ በደረቅ ቀን አንዲት ጠብታ አያፈሱም። ቆዳ የተዘፈዘፈበትን ውሃ በጉድጓድ ያጠራቅሙና ሰማይ ሲያጉረመርም ያስለቅቁታል፤ የቀረውን ጎርፉ ያደርሰዋል። ምንጩ ከገማ ወዲህ የአያ ጓንጉል ሚስት ማዘንጊያ በታመመ ጉልበቷ ከሩቅ ወንዝ ትቀዳለች፤ መሄድ ያልቻለው ጎረቤት አፍንጫውን ይዞ ይጠጣል። አያ ጓንጉል ሁሉንም በሳቅ ያልፈው ነበር።

አንድ ቀን ፊታውራሪ በበቅሎ ሲያልፉ አያ ጓንጉል እጅ መንሳቱን ትቶ በጋቢው አፍንጫውን ሸፈነ።

«አንተ፣ ሰላምታው የት ሄደ?» አሉት።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ እርስዎ ታች ሰፈር ከመጡ ሁለት ዓመት ሆነዎ፤ ሽታዎ ግን ዝናብ በዘነበ ቁጥር ይጠይቀናል። ዛሬ የመጣው የትኛችሁ እንደሆነ ተምታቶብኝ ነው።»

ሰፈሩ ለማዘጋጃ ቤቱ ሹም አቤት አለ። ሹሙ ቆራጥ ሰው ነበሩና «ቦይ ውስጥ ቆሻሻ መጣል ያስቀጣል» የሚል ሰሌዳ አስጻፉ። ሰሌዳውን ግን ፊታውራሪ ደጃፍ ማቆሙ ድፍረት መስሎ ስለታያቸው ታች፣ ምንጩ ዳር ተከሉት። ከዚያ መጥተው «እንዴት ነው፣ ደስ አላችሁ?» ብለው ጠየቁ።

«እጅግ እንጂ» አለ አያ ጓንጉል፤ «ቆሻሻው እዚህ ደርሶ ሲያነበው አፍሮ ይመለሳል።»

አቶ ላቀው የሚባሉ የጭነት መኪና ባለቤትም ነበሩ። ከስስታቸው የተነሳ በርሜል መግዛት ከበዳቸውና የተቃጠለውን የሞተር ዘይት ቦዩ ውስጥ ይደፉታል። አንድ ቀን ምን እንደነካቸው እንጃ፣ አያ ጓንጉልን ምሳ ጋበዙት። ወጡ ውሃ ብቻ ነው። እንዴት እንደጣፈጠው ሲጠይቁት እንዲህ አላቸው፦

«ወጥዎ ላይ ዘይት ሳጣ አዝኜ ነበር። ለካ በዘይት የሚያጠግቡት ያልጋበዙትን ሰው ነው፤ ምንጫችን ላይ ተርፎ ይንሳፈፋል።»

በመጨረሻ አያ ጓንጉል ፊታውራሪን ከሰሰ። ዳኛው እሸቴ የፊታውራሪ የክርስትና ልጅ ነበር።

«ሲያስለቅቁ ያየ ምስክር አለህ?» አለው። በዚያ ዶፍ ማን ውጭ ይቆማል?

«ስድስት እንቁራሪቶች ነበሩኝ ጌታዬ፤ ቃላቸውን ሳይሰጡ ሞቱ።»

ዳኛው ተቆጥቶ አውጫጭኝ ይቀመጥ ብሎ አዘዘ። አውጫጭኝ ማለት የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ጥፋተኛውን ስም ጠርቶ እስኪያወጣ ድረስ አይበተንም ማለት ነው። ፊታውራሪም በሽማግሌነት ከዳኛው ጎን ወንበር ተዘረጋላቸው። ስማቸውን ለመጥራት ማን ይደፍራል? ወሩ የዘር ወር ነው፤ መሬቱ ርሷል፣ በሬው ቆሟል። በሦስተኛው ቀን አንዳንዱ «ሸማኔውን ጉልማን እንበልና እንገላገል፤ ዘመድ የለው፣ ጅራፉን ይቻለው» እያለ ያንሾካሹክ ጀመር። አያ ጓንጉል ይህን ሲሰማ ቀልዱ ሁሉ ጠፋበት፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ወደ ቤቱ ልኮ ማዘንጊያን ውሃ አምጪ አላት።

ፀሐዩ ከሮ ነበር። ማዘንጊያ በቅል ያመጣችውን ተቀብሎ በሁለት እጁ ለዳኛው አቀረበ።

«ይጠጡ ጌታዬ፤ ከታች ምንጭ አሁን የተቀዳ ነው።»

ዳኛው ቅሉን ወደ አፉ ሲያስጠጋ ፊታውራሪ ከወንበራቸው ዘለው ተነሥተው እጁን ያዙት።

«ልጄ፣ እንዳትቀምስ፤ ትናንት በዝናቡ አስለቅቄበታለሁ።»

አያ ጓንጉል ቅሉን ከዳኛው እጅ ተቀብሎ ጎንጨት አደረገና ውሃው ማዘንጊያ ከራሳቸው ከፊታውራሪ ግቢ፣ ከመጠጥ ውሃቸው ጉድጓድ ለምና ያመጣችው መሆኑን ተናገረ። ያን ጊዜ ጉልማ ጋቢውን አራግፎ ተነሣ። ሌላውም ተበተኑ ሳይባል ተከትሎት ወደ በሬው ሄደ፤ ዳኛው ማንንም አላስቆመም።

«አንተ ተንኮለኛ፣ አታለልከኝ» አሉ ፊታውራሪ።

«እኔ ምን አደረግሁ ጌታዬ? ሁለት ዓመት ሙሉ ስንጠጣው አንድ ቀን እንኳ እንዳትቀምሱ አላሉንም። ለካ ችግራችን ውሃው አይደለም፤ ሁላችንንም ክርስትና አለማንሳትዎ ነው።»