«ንቀፉኝ» በቀይ አፋፍ

በቀይ አፋፍ ቤት ሊሠራ ያሰበ ሰው መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ጎረቤቱን ሁሉ ይጠራና ባዶው ቦታ መሀል ቆሞ «ንቀፉኝ» ይላል። ዱአ የሚደረገው፣ ንፍሮውም የሚቀርበው ከዚያ በኋላ ነው። የተጠራው ሰው በቦታውም፣ በበሩም፣ በእንጨቱም ያየውን እንከን ሳይሸፋፍን ይናገራል፤ ልማዱን የማያውቅ መንገደኛ ጠብ የተነሣ ይመስለውና ሊገላግል ይገባል። የቀይ አፋፍ ሰው ግን ከጥንቱ እንዲህ ደረቅ አልነበረም። እንዲያውም አባቶች እንደሚሉት በይሉኝታ የሚስተካከለው አልነበረም፤ ይሉኝታውም አንድ ጊዜ ልጆቹን ሊያስበላው ምንም አልቀረውም።

ነገሩ የሆነው የመንደሩ ልጆች ዋርካ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በሚማሩበት ዘመን ነው ይባላል። አንድ ግንቦት ላይ ከባሕር ማዶ ወጣቶች መጡ፤ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ ደመወዝም ሳይቆረጥላቸው፣ ከሕዝቡ ጋር ድንጋይ ተሸክመው ትምህርት ቤት ሊሠሩ ነው የመጡት። አለቃቸው ሄልጋ የምትባል ቁመተ ረጅም ሴት ነበረች፤ የሚያስተረጉምላትም የመንደሩ መምህር አደም ነበር። ሄልጋ ከተራራው ግርጌ ለጥ ያለውን አሸዋማ ሜዳ አይታ ወደደችውና «ይህ ቦታ ጥሩ ነው?» ብላ ሽማግሌዎቹን አስጠየቀች። የመንደሩ ታላቅ ሸህ ይማምም «እናንተን ካማራችሁ እኛንም አምሮናል» አሉ።

ያ ሜዳ ግን የደራሽ መንገድ ነበር። ደራሽ ማለት ታች ፀሐይ እየከረረ፣ ላይ ተራራው ላይ በጣለ ዝናብ ድንገት የሚወርድ ጎርፍ ነው፤ በየዓመቱ ባይመጣም በመጣ ጊዜ ዛፍም ከብትም አያስተርፍም። ይህን በመንደሩ የማያውቅ አልነበረም። ይሁን እንጂ የእንግዳን የመጀመሪያ ቃል መስበር ነውር ነው፤ ደግሞስ ቅር ብሏቸው ወደ ሌላ መንደር ቢሄዱ? ስለዚህ እያንዳንዱ ሌላው እስኪናገር ጠበቀ። ዝም አይነቅዝም ይላል ተረቱ፤ ይህን የተረተ ሰው የቀይ አፋፍን የዚያን ዓመት ዝምታ አላየም።

ግድግዳው ከፍ እያለ ሲመጣ የሰዉም እንቅልፍ እየጠፋ ሄደ። በዱአው ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ያረቢ፣ ደራሹን መልስልን» ይላሉ፤ እንግዶቹም ምኑንም ሳያውቁ አብረው «አሚን» ይላሉ። ወንዶቹ ምናልባት እንግዶቹ ይገባቸው እንደሆነ ብለው ድንጋዩን እያዘገዩ ማቅረብ ጀመሩ፤ እንግዶቹ ግን ሕዝቡ የደከመ መሰላቸውና የእነሱንም ድርሻ ተሸከሙ። ይህን ባዩ ጊዜ ደግሞ ለመናገር የባሰ አፈሩ።

ከሁሉ የጨነቃት ጦይባ የምትባል፣ ባሏ የሞተባትና ለግንበኞቹ አሸዋ የምታቀብል ሴት ነበረች። አንዲት ልጅ አለቻት፣ ረምላ። ረምላ ግድግዳው ገና ከጉልበት ሳያልፍ መስኮት ይወጣበታል ከተባለው ሥር የምትቀመጥበትን ቦታ መርጣ ነበርና እናቷ ባየቻት ቁጥር ቀና ብላ ተራራውን ታያለች። አንድ ቀን ሸህ ይማም ዘንድ ሄደች።

«ሸህዬ፣ ይንገሯቸው እንጂ። ልጄ እኮ እዚያ ልትቀመጥ ነው።»

«ጣራው ይውጣና ቀስ ብለን እንነግራቸዋለን» አሉ ሸሁ። «አሁን እጃቸው ቆስሎ ሳለ እንዴት ብዬ ልናገር?»

ሐምሌ ገባ። ግድግዳው ያለቀ ለታ እንግዶቹ ከደስታቸው ብዛት ጣራ ሳይጠብቁ ልጆቹን አስገብተው መሬት ላይ አስቀመጧቸው። ሜዳው ላይ ፀሐይ ነበር፤ የተራራው አናት ግን ጠቁሮ ነበር። ትልልቆቹ ሁሉ ተራራውን አዩ፤ እርስ በርስም ተያዩ። ጦይባ ይህን ጊዜ ዶማ አነሣችና ሄልጋ ፊት ግድግዳውን ትንድ ጀመር። ወንዶቹ ሮጠው እጇን ያዙ።

«ንገራት» አለችው መምህር አደምን። «ይህ የጎርፍ መንገድ ነው፣ ሁላችንም እናውቅ ነበር በላት።»

አደም ላቡን እየጠረገ አንድ ነገር ተናገረ፤ ሄልጋም በሐዘኔታ ፈገግ ብላ የጦይባን ትከሻ ዳበሰች። አደም የነገራት «ባሏ ሞቶባት ነው፣ አትቀየሚያት» ብሎ ነበር ይባላል። ጦይባ ቋንቋውን ባታውቅም ፊት ማንበብ አያቅታትምና፣ የጎርፍ ነገር የሰማ ሰው ፈገግ እንደማይል ገባት። ከያዟት እጅ ተመንጭቃ ገባች፤ ረምላ አልወጣም ብላ ብታለቅስም ጎትታ አወጣቻት። ለእናቶቹም «ልጆቻችሁን አውጡ፤ ከእንግዶቹ ጋር ኋላ ታስታርቁኛላችሁ» አለቻቸው።

እናቶቹ ይህን ነበር የሚጠብቁት። ልጁን ያዘለ አዝሎ፣ የጎተተ ጎትቶ ወደ አፋፉ ሲሮጥ እንግዶቹም ግራ ገብቷቸው ተከተሉ። የመጨረሻዎቹ ልጆች ዳገቱን ሲይዙ መሬቱ ያጉረመርም ጀመር፤ ከዚያ ደራሹ ቡናማ ሆኖ ግንድ እያንከባለለ መጣና ያን ሁሉ ግንብ ጠርጎት ሄደ። ልጆቹ ሲቆጠሩ የጎደለ አልነበረም።

ሄልጋ ከውሃው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። ከዚያም «ታውቁ ነበር?» አለች፤ አደም አሁን ቃሉን እንዳለ አስተላለፈው።

«እናውቅ ነበር» አሉ ሸህ ይማም። «እንግዳ ናችሁ ብለን ነው።»

ሄልጋ የተላላጠ መዳፏን ዘርግታ አየችው። «ይህን ሁሉ ድንጋይ አብሬያችሁ ተሸክሜ፣ እንግዳነቴ ያለቀ መስሎኝ ነበር» አለች። ሸህ ይማም በሰው ፊት ያለቀሱት ያን ቀን ብቻ ነው ይባላል።

ውሃው ከጎደለ በኋላ አፋፉ ላይ ሌላ ቦታ ተመረጠ። ሸህ ይማም ሕዝቡን ሰብስበው መሀል ቆሙና ወደ ጦይባ ዞረው «ንቀፊኝ» አሏት።

«ቦታው እንከን የለውም» አለች ጦይባ። «እርስዎ ግን ዘገዩብን።»

«እውነት ነው» አሉ።

ቀጥላ ሄልጋ ቃሉን ከአደም ተምራ በተሰባበረ አማርኛ «ንቀፉኝ» አለች። ወንዶቹ እንደ ልማዳቸው መሬት መሬት አዩ። ጦይባ ብቻ «በሩን ወደ ነፋስ አዙረሽዋል፣ ልጄ» አለቻትና፣ ሄልጋ የበሩን ቦታ ያመለከተችበትን ችካል ነቅላ በሩን ወደ ምሥራቅ አዞረችው።

ልማዱ ከዚያ ወዲህ ጸና ይባላል። ዛሬም በቀይ አፋፍ «ንቀፉኝ» ያለ ሰው ብዙ ከተነቀፈ ደስ ብሎት መሠረቱን ይቆፍራል። የተጠራው ሁሉ ቦታውን አወድሶለት ከሄደ ግን ዶማውን አያነሣም፤ «ምን አጥፍቼ ነው እንግዳ ያደረጋችሁኝ?» እያለ በየጎረቤቱ ደጅ ሲለምን ይውላል።