የዳንጉሬ ታንኳ ግራና ቀኝ እስሮች

በጣና ሐይቅ ዳር ዳንጉሬ በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ ታንኳዎቹ ሁሉ በግራና በቀኝ ጎናቸው የጭን ውፍረት ያላቸው ሁለት የደረቀ የደንገል ቄጠማ እስሮች አሏቸው። ከሌላ መንደር የመጣ ሰው ሲያያቸው ወፍራሞች ናቸው፣ ይዘገያሉ ብሎ ይስቃል። እስሮቹን የሚያስሩትም ሴቶች ብቻ ናቸው። ምክንያቱ ከሽማግሌዎች በሰማሁት መጠን የሚከተለው ነው፤ ዘመኑን በትክክል የሚያውቅ ሰው ግን ስላላገኘሁ በግምት አልጽፍም።

እንደሚነገረው፣ እንድሪስ የሚባል አጥማጅ በንዳድ ታሞ ከተነሣ በኋላ ራሱን ያዞረው ጀመር። በዳንጉሬ ፊት ያለው ውኃ ከጉልበት እስከ ወገብ ብቻ ስለሆነ መረብ የሚጣለው ታንኳ ላይ ቆሞ ነው፤ የዚያን ጊዜው ታንኳ ደግሞ ጠባብ ስለነበር ሚዛኑን ትንሽ የሳተ ሰው ይገለበጣል። እንድሪስ በአንድ ወር ሦስት ጊዜ ወደቀ። አምስት ጊዜ ነው የሚሉም አሉ፤ እኔ ያነሰውን ጽፌያለሁ። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ሳይቀሩ፣ «እንድሪስ፣ የምትወርደው ዓሣውን ልትይዝ ነው ወይስ ልትጠይቀው?» ይሉት ነበር ይባላል። የሚወድቅ ሰው የሌላውንም ዓሣ ስለሚያባርር፣ የአጥማጆቹ አለቃ አያ ዳውድ፣ «እስከ ዓርብ ቆመህ መጣል ካልቻልክ የማጥመጃ ቦታህን ለሌላ እንሰጣለን» አሉት። ቦታውን ካጣ የቀረለት ሥራ የወፍጮ ድንጋይ መጥረብ ነበር፤ ለዚያ ደግሞ ጉልበት አልነበረውም።

መጀመሪያ ታንኳው እንዲረጋ ብሎ ድንጋይ ጫነበት። ረጋ፤ ነገር ግን ውኃው ጥልቀት ስለሌለው ሆዱ ጭቃው ላይ ተቀመጠና አልንቀሳቀስ አለ። ሚስቱ ዘሃራ መቀመጥ የሚለማመድ ልጃቸውን በግራና በቀኝ በተጠቀለለ ልብስ ደግፋ ዳር አስቀምጣው ነበርና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ልጅ መቀመጥ ሲያቅተው ድንጋይ እናስታቅፈዋለን እንዴ?» አለችው። ድንጋዩን አስወርዳ ሁለት የደንገል እስር አዘጋጀች። ከፍ አድርጋ ስታስራቸው ታንኳው በጣም ካላዘነበለ በቀር ውኃ አልነካ አሉ፤ ዝቅ ስታደርጋቸው ጭቃውን ያዙ፤ በመጨረሻ ልክ የውኃው ፊት ከሚደርስበት ላይ በልጥ አሰረቻቸው።

ዓርብ ዕለት እንድሪስ ቆሞ መረብ ጣለ፤ ጎረምሶች ታንኳውን ቢያወዛውዙትም አልወደቀም። አያ ዳውድ ተደንቀው፣ «ይህን ማን አሰበው?» ቢሉት፣ «እኔው ነኝ፣ አያ» አለ። ዘሃራ ዳር ቆማ ሰማች።

ልጥ ሲርስ ስለሚላላ እስሩ በየጧቱ እንደገና መጥበቅ አለበት። ቅዳሜ ጧት፣ «ነይ እሰሪልኝ» ቢላት፣ «ያሰበው ሰው ይሰረው» ብላ ልጇን ማጥባቷን ቀጠለች። እሱም እንደመሰለው አንዱን ከፍ፣ አንዱን ዝቅ አድርጎ አሰረና መረቡን ሲወረውር ከነመረቡ ተገለበጠ። አያ ዳውድ ከዳር ሆነው፣ «በቃ፣ ቦታው…» ብለው ሳይጨርሱ፣ እንድሪስ ጭቃ እንደለበሰ፣ «ዘሃራ ናት! ያሰበችውም ያሰረችውም ዘሃራ ናት!» ብሎ ጮኸ።

«እንግዲህ ዓሣዎቹም ሰምተዋል» አለ አንዱ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ዘሃራ ግን ሳትስቅ ልጇን አዝላ ውኃው ውስጥ ገባችና እስሮቹን አስተካክላ አጠበቀች። አያ ዳውድም፣ «ቦታው የእሷ ይሁን፤ አንተ ታጠምድበታለህ» ብለው ፈረዱ ይባላል።

ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም አጥማጆች ለታንኳቸው በየሚስቶቻቸው እስር አሳሰሩ፤ በዳንጉሬም የማጥመጃ ቦታ የሚወረሰው ከእናት ወደ ሴት ልጅ ነው፤ ወንድ ብቻ የወለደች እንደሆነ ለምራቷ ይሄዳል። ዛሬም እንግዳ ሰው ዳር ቆሞ፣ ይህ ውኃ የማን ነው ብሎ ቢጠይቅ፣ አጥማጁ መረቡን መሳብ ሳያቆም የሚስቱን ስም ይነግረዋል።