መንገዱ ስለቀረ የገባው ጥላ

በአንድ ቤት ባል «አድርሰኝ» ብሎ፣ ሚስት «አስቀርልኝ» ብላ ቢለምኑ፣ እግዚአብሔር የማንን ይሰማል? ይህን ሳወጣ ሳወርድ እንቅልፍ ይነሳኛል። መልሱን አላውቀውም። እናንተ የምታውቁት እንደሆነ፣ እህቶቼ፣ በኋላ ትነግሩኛላችሁ። እስከዚያ የአንዲትን ሴት ነገር ልንገራችሁ።

ይህች ሴት የባሕር ዳር ሰው ናት። ባሏ ገላነው ይባላል። ይርሳው የሚባል የልብ ጓደኛ አለው። ሁለቱ በጎረምሳነታቸው ለከተማቸው ብስክሌት ይጋልቡ ነበር። አሁን ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፤ ወሬያቸው ግን ያው ብስክሌት ነው። አንድ ምኞት ነበራቸው። ሩዋንዳ በየዓመቱ ወደሚደረገው ውድድር ሄደው፣ እነዚያ ፕሮፌሽናል የሚባሉት፣ እንጀራቸው ብስክሌት የሆነ ጋላቢዎች ዳገት ሲወጡ መንገድ ዳር ቆሞ ማየት። ለፀሐዩ ብለው አንድ ዓይነት ሁለት ነጭ ቆብ ገዝተው ገላነው ቤት ምስማር ላይ ሰቅለዋል።

ታዲያ የይርሳው ዓይን ይደክም ጀመር። ሐኪሙ «የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውም እየሄደ ነው» አለው። ይርሳውም መጥቶ «እንግዲህ ሳይጨልምብኝ እንሂድ» አለ።

ሴትዮዋ ፈራች። እንዴት አትፍራ? ባሏ ደም ግፊት አለበት። አገሩ የሰው አገር ነው። ብስክሌቶቹ ቁልቁል ሲወርዱ የቆመውን ሰው ቢመቱትስ? ድንገት ቢታመም ማን ያነሳዋል? እኔ የልጅ ልጄ ታክሲ ተሳፍራ ደረስኩ ብላ እስክትደውል ውሃ በጉሮሮዬ አይወርድም። ስለዚህ አልፈርድባትም። እናንተም አትፍረዱባት።

«ጾሙ ይውጣና» አለች። ጾሙ ወጣ።

«የልጅ ልጃችን ክርስትና ይለፍና» አለች። ክርስትናው አለፈ።

«አሁን ደግሞ ክረምት ነው። አውሮፕላኑ በዚህ ደመና በምን ያያል?»

ይርሳው ሳቀባት። «አንቺ፣ ከጸለይሽስ ለአውሮፕላኑ ጸልዪለት። ገላነውን የሚሸከመው እሱ ነው።»

«አንተ ምን አለብህ። ቤት ቁጭ ብላ የምትጨነቅልህ ሚስት የለህ።»

«የለችኝም። ዓይኔም ሊከተላት ነው» አለ፣ አሁንም እየሳቀ።

አዘነችለት። ፍርሃቷ ግን አልበረደም። ኪዳነ ምሕረት ሄዳ «ይህን መንገድ ካስቀረሽልኝ ጥላ አስገባለሁ» ብላ ተሳለች። ለባሏ አልነገረችውም።

የዚያ ዓመት ውድድር አለፈ። ቀጣዩ ሲቃረብ ይርሳው በሰው እጅ እየተመራ መጣ። ደጃፉን በእጁ ዳብሶ ገባና «አንተ ሂድና አይተህ ንገረኝ» አለ። ገላነው «ያላንተ የት እሄዳለሁ» አለው። መንገዱ በዚሁ ቀረ።

የንግሡ ዕለት ሴትዮዋ ያማረ፣ ዘርፉ የወርቅ ቀለም ያለው ጥላ ይዛ ሄደች። ስለት ሲገባ በድምፅ ማጉያ እንደሚነገር ታውቃላችሁ። የእሷም ተነገረ። «እህታችን፣ ባለቤቴ ወደ ሰው አገር ከመሄድ ከቀረልኝ ብላ ተስላ፣ ስለቷ ሰምሮላታል። እልል በሉላት።»

ሴቱ ሁሉ እልል አለላት። ገላነው በወንዶቹ በኩል ቆሟል። የይርሳውን እጅ ይዟል።

እህቶቼ፣ እመቤታችን ለጥላ ብላ የሰው ዓይን ታጠፋለች? አታጠፋም። ዓይኑን የወሰደው በሽታው ነው። ማየት በሚችልበት ጊዜ እንዳያይ ያደረገው ግን ምንድን ነው? «ጾሙ ይውጣና» ነው። «ይህ ይለፍና» ነው። ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም። ወድዳ ነው። እኛስ የምናደርገው ሁሉ ወድደን አይደል?

እስቲ ቤታችሁን አስቡት። በእናንተ ቤት ምስማር ላይ ተሰቅሎ አቧራ የጠጣው የማን ቆብ ነው? እናንተ እንዳትጨነቁ ብላ «ይቅርብኝ» ያለችው ልጃችሁ የትኛዋ ናት? ፍርሃታችንን ይዘን ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን፣ ጸሎት ነው እንላለን፣ የሌላውን ደስታ አስዘግተን እልል እናስብላለን። ፍሩ። አትፍሩ ብላችሁ የምትሰሙኝ አይመስለኝም፤ እኔም አልችልበትም። ግን ስትለምኑ «በሰላም አድርሰህ በሰላም መልስልኝ» በሉ። እሱ ለፍርሃታችንም ለመንገደኛውም ይበቃል።

ወደዚያች ሴት ልመልሳችሁ። ከንግሡ ስትመለስ ገላነው ቀድሟት ገብቶ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀምጧል።

«ላንተ ብዬ እኮ ነው» አለችው።

ዓይኑን ወደ ምስማሩ አነሣ።

«ገላነው፣ ብትሞትብኝስ?»

ተነሣ። ሁለቱን ቆቦች ከምስማሩ አወረደ፤ አቧራቸውን በመዳፉ አራገፈ። አንዱን ራሱ ላይ አደረገ። የይርሳውን በእጁ ይዞ፣ ወደ ጓደኛው ቤት ሄደ።