ቆሞ መሽናት የናፈቀው ሾፌር

ጆሮ ካላችሁ እኔ አፍ አለኝ፤ ስሙማ።

ሽብሩ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። መኪናው ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ ዳሌው ሲሰበር የሽንት ቧንቧው አብሮ ተበጠሰ፤ ቁስሉ ሲድን ደግሞ ጠባሳው መንገዱን ዘጋው። ዓመት ሙሉ ሽንቱ ከእምብርቱ በታች በገባ ቱቦ እየወረደ፣ ጭኑ ላይ በታሰረ ከረጢት ሲጠራቀም ኖረ። ሽብሩ ሌላ አልተመኘም፤ እንደ ሰው ቆሞ መሽናት ብቻ።

ቀዶ ሐኪሟ ሂክማ መረመረችው። «ጠባሳውን ቆርጬ ጤነኛውን ከጤነኛው እሰፋዋለሁ፤ ይሸናሉ» አለችው። የተዘጋው ምን ያህል እንደሚረዝም ግን በራጅ ማየት አለባት። ራጅ ካልተነሳ ሂክማ አትቆርጥም፤ ሂክማ ካልቆረጠች ሽብሩ አይሸናም።

ራጅ አንሺው ታሪኩ ከረጢቱን አየና ራሱን ነቀነቀ። ሽንቱ ደፍርሷል፤ በዚህ ላይ ቧንቧው በራጅ እንዲታይ የሚያደርገውን ቀለም ብገፋበት ጀርሙ ወደ ደሙ ይገባል አለ። ሽንቱ ካልጠራ ራጅ አይነሳም፤ ራጅ ካልተነሳ ሂክማ አትቆርጥም፤ ሂክማ ካልቆረጠች ሽብሩ አይሸናም።

ነርሷ ወይንሸት ለጀርሙ መድኃኒት ሰጠችው። ጀርሙ የተጣበቀው ግን አሮጌው ቱቦ ላይ ነው፤ አዲሱ ደግሞ ግምጃ ቤት ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ ያለው የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ወልዴ ኪስ ነው፤ ጋሽ ወልዴ ከቤታቸው አልመጡም። ጋሽ ወልዴ ካልመጡ ቱቦው አይቀየርም፤ ቱቦው ካልተቀየረ ሽንቱ አይጠራም፤ ሽንቱ ካልጠራ ራጅ አይነሳም፤ ራጅ ካልተነሳ ሂክማ አትቆርጥም፤ ሂክማ ካልቆረጠች ሽብሩ አይሸናም።

ሚስቱ ዘነበች፣ ነገ እንመለስ አለችው። ሽብሩ እምቢ አለ፤ እዚህ የደረሰ ሰው የጋሽ ወልዴ ቤት አይጠፋውም ብሎ እየጠየቀ ሄደ።

ጋሽ ወልዴ በረት ውስጥ ቁጭ ብለዋል። ላማቸው ከጠዋት ጀምሮ ታምጣለች፤ ጥጃው አልወጣም። ትቻት አልሄድም አሉ። እንግዲህ ላሟ ካልወለደች ጋሽ ወልዴ አይመጡም፤ ጋሽ ወልዴ ካልመጡ ቱቦው አይቀየርም፤ ቱቦው ካልተቀየረ ሽንቱ አይጠራም፤ ሽንቱ ካልጠራ ራጅ አይነሳም፤ ራጅ ካልተነሳ ሂክማ አትቆርጥም፤ ሂክማ ካልቆረጠች ሽብሩ አይሸናም።

ሽብሩ ከብት መሃል ያደገ ነው። ሆዱን በነጠላ ሸብ አደረገ፣ ክንዱን በሳሙና ታጠበ።

«ጋሼ፣ ቀንዷን ይያዙልኝ።»

እጁን አስገብቶ ዳበሰ፤ የጥጃው አንድ እግር ታጥፏል። ቀስ አድርጎ አቃናው፣ ላሟ እንደገና እስክታምጥ ጠበቀ፣ አብሯት ሳበ። ጥጃዋ ዱብ አለች፤ አነጠሰች። ጋሽ ወልዴ ተነስተው ኮታቸውን ለበሱ።

ላሟ ወለደች፤ ጋሽ ወልዴ መጡ፤ ቱቦው ተቀየረ፤ ሽንቱ ጠራ፤ ራጁ ተነሳ፤ ሂክማ ቆረጠች፣ ሰፋችም። ስፌቱ እስኪጠና ሦስት ሳምንት በቀጭን ቱቦ ቆየ። ከዚያ እሱም ወጣለትና፣ እስቲ ይሞክሩ ተባለ።

ሽብሩ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ከግድግዳው ፊት ቆመ። ዘነበች በሩ ላይ ትጠብቃለች። ምንም የለም። ላብ አጠመቀው። ቆይቶ ጠብ አለ፣ ደግሞ ጠብ አለ፤ ከዚያ ፏፏቴ ሆነ። ዘነበች ድምፁን ሰምታ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ጠበቀች፤ አሁንም ይወርዳል።

«ኧረ ሽብሩ፣ አላለቀም?»

«ተይኝ» አላት ከውስጥ፤ «የዓመት ነው።»