ደህናውን ብቻ የጻፈ መዝገብ

«አንድ አገረ ገዥ ነበረ» አሉ መምህር ጥላዬ። ከዚያ በፊት ግን ሰናይት ምን እንደጠየቀቻቸው መነገር አለበት፤ ጥያቄው ከሌለ ምሳሌው ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ሰናይት በእሳቸው ሥር የማስተርስ ጥናቷን የምትሠራ ተማሪ ናት። በአንድ ገደላማ ወረዳ ያሉ ስድስት ጤና ኬላዎች ያለ ሽቦ፣ በሬዲዮ ሞገድ የሚገናኙበትን መረብ ገና ሳይተከል በኮምፒውተር ውስጥ ትፈትናለች። ሲሙሌሽን የሚሉት ነው፤ ተራራውም፣ ገደሉም፣ ምሰሶውም በቁጥር ይቆማል፣ መልእክቱም በቁጥር ይላካል። በየመልእክቱ ላይ የደረሰው ነገር መስመር በመስመር የሚጻፍበት መዝገብ አለ። ተማሪዎቹ ትሬስ ይሉታል፤ መምህር ጥላዬ ዱካ ማለት ይመርጣሉ።

የወረዳው ሰዎች ከሰናይት የሚጠብቁት አንድ መልስ ነው። በመካከለኛው ኮረብታ ላይ ሊቆም የታሰበው ምሰሶ ያስፈልጋል ወይስ ይቅር? ቁርጡን የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ልትነግራቸው ቀጥራለች። በታችኛው ቆላ ኬላ ምጥ የጠናባት ሴት ብትኖር አምቡላንስ የሚጠራላት በዚህ መረብ ነው፤ ሌላ መንገድ የለም። ሰናይት ምሰሶውን አንሥታ ሞከረች። በዱካው ውስጥ «ጠፋ» የሚል መስመር ፈለገች፤ አንድም አላገኘችም። «ምሰሶው አያስፈልግም» ብላ ጻፈች። ከጻፈች በኋላ ግን መምህር ጥላዬን ጠራቻቸው።

«መምህር፣ አንድም መልእክት አልጠፋም» አለቻቸው። «ይህን ያህል ንጹሕ መዝገብ ይታመናል?»

መምህር ጥላዬ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው ፕሮግራሙን ከላይ ጀምረው አነበቡ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ጥቂት ቆየ። ከዚያ ወንበር ሳቡ። ሰናይት ሰዓቷን ሰረቅ አድርጋ አየች። እሳቸው ወንበር ከሳቡ ነገሩ አጭር እንደማይሆን ታውቃለች።

አንድ አገረ ገዥ ነበረ። መቀመጫው ደጋ ላይ ነው፤ ሕዝቡ ግን አብዛኛው ከገደሉ ማዶ ቆላ ውስጥ ይኖራል። በእግር ቢሄዱት ብዙ ቀን የሚፈጅ አገር ስለነበረ፣ ወሬ የሚመላለሰው በጩኸት ነበር። በየኮረብታው ጉሮሮው የሰላ አንድ ተጣሪ ይቆማል። የቆላው ተጣሪ ለሚቀጥለው ኮረብታ ይጮኻል፣ ያ ደግሞ ለበላዩ፤ ቃሉ እንዲህ እየተቀባበለ አገረ ገዥው ደጅ ይደርሳል። በየተጣሪው አጠገብም አንድ ጸሐፊ ተቀምጦ ምን እንደተጠራ፣ ምን እንደተሰማ፣ ምን መንገድ ላይ እንደቀረ ይጽፋል።

ጸሐፊዎቹ ትጉሆች ነበሩ፤ የመከራው መጀመሪያም ይኸው ነው። «ዛሬ ነፋስ ነበረ፣ የቃሉ ግማሽ ቀረ» ይላል አንዱ። «ሁለት ሰዎች ባንድ ጊዜ ተጣሩ፣ ሁለቱም አልተሰሙም» ይላል ሌላው። በየሳምንቱ በአጋሰስ የተጫነ ጽሑፍ ወደ ደጋ ይወጣል። አገረ ገዥው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ማንበብ የታከተው ሰው ነበር እንጂ። ነፋስ ሽቅብ፣ ነፋስ ቁልቁል፣ ገጹ ሁሉ ነፋስ ሆነበት። በመጨረሻም የየኮረብታውን ጸሐፊዎች አሰናበተና በገዛ ደጁ ያለውን አንዱን አስቀረ። እሱንም ጠርቶ፣ «ከእንግዲህ ደህናውን ብቻ ጻፍ» አለው። ጸሐፊው ትእዛዙን በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አሰፈረ፤ አገረ ገዥውም ማኅተሙን አሳረፈበት።

እንግዲህ የዚያን አገር ሰው ወግ ማወቅ ያሻል፤ ያው የእኛው ወግ ነው። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንኳ ደህና ነህ ወይ ሲሉት መጀመሪያ «ደህና ነኝ፣ ይመስገን» ይላል። ቀጥሎ «ብቻ» ይላል። ነገሩ ያለው ከ«ብቻ» ወዲያ ነው። ሰላምታ አጭር ስለሆነ፣ ጆሮም ስለለመደው፣ ነፋስ ቢኖርም ገደሉን ይሻገራል። ከ«ብቻ» ወዲያ ያለው ረጅሙ ቃል ግን መንገድ ላይ ይበተናል። መበተኑን የሚጽፍ ሰው ደግሞ በየኮረብታው የለም።

መዝገቡ ቀጠን አለ፤ አማረም። ሰኞ፣ ደህና ናቸው። ማክሰኞ፣ ደህና ናቸው። አገረ ገዥው በቁርስ ሰዓት አንብቦ የሚጨርሰው ሆነ። ሁለት ወር እንዲህ ካነበበ በኋላ፣ ወሬው ያለ ችግር እየደረሰ የመካከለኛው ኮረብታ ተጣሪ ምን ይሠራል ብሎ አሰበ። ተጣሪውን አንሥቶ ወደ እርሻው ሰደደው። መዝገቡ አሁንም ደህና ናቸው አለ።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ ከጉልበቱ በታች አቧራ ብቻ ሆኖ ከቆላ ወጣና ደጅ ቆመ። የቆላው ከብት በበሽታ እያለቀ ነበር። አገረ ገዥው ደነገጠ፤ ድንጋጤው ወዲያው ቁጣ ሆነ። እስካሁን ለምን አላሳወቃችሁም ብሎ ጮኸበት።

«አንድ ወር ሙሉ ጮህን እኮ፣ ጌታዬ» አለ ሽማግሌው። «መዝገብዎ ምን ይላል?»

«ደህና ናቸው ይላል።»

«እሱንማ ብለናል። ደህና ሳይሉ ነገር ይጀመራል እንዴ? ባላገር ብንሆን ስድ አይደለንም።»

አገረ ገዥው ጸሐፊውን እሰሩልኝ አለ። ጸሐፊው ግን መዝገቡን ይዞ ቀረበና የመጀመሪያውን ገጽ ገልጦ በሁለት እጁ ዘረጋለት። አገረ ገዥው የራሱን ቃል አነበበ፤ ከሥሩም የራሱን ማኅተም አየ። እሰሩልኝ ያለውን ሰው ልቀቁት ለማለት እንኳ ጊዜ ወሰደበት።

ከዚያ ማንም ያላሰበውን አደረገ። በቅሎ ሳያስጭን፣ አጃቢ ሳያስከትል፣ ሽማግሌውን ተከትሎ ቁልቁል ወረደ። ሰው ወዳልነበረበት ወደ መካከለኛው ኮረብታ ደርሶ ቆመ። ነፋሱ ሲበርድ የቆላው ተጣሪ ድምፅ ከታች መጣ። ሰውየው አሁንም፣ ማንም ሳይመልስለት፣ በየቀኑ ይጣራ ነበር። «ደህና ነን» የሚለው ጥርት ብሎ ተሰማ። «ብቻ» የሚለውም ተሰማ። የቀረውን ነፋስ ወሰደው። በዕድሜው ተጣርቶ የማያውቀው አገረ ገዥ እጆቹን አፉ ላይ አድርጎ፣ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ፣ «ብቻ ምን?» አለ።

ከቆላው ሰዎች መካከል የሚመልስ ሰው ይኖራል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ከዚያ ቃሉ ቀስ እያለ፣ እየተቆራረጠ፣ እየተደገመ መጣ። ዘር በእጃችን አለ፣ የምናርስበት በሬ ግን አልቀረም ይላል። አገረ ገዥው ተጣሪውን መለሰ፤ ጸሐፊዎቹንም መለሰ። የሞተውን ከብት ግን መመለስ አልቻለም፤ በዚያ ዓመት ቆላው ሳይታረስ ከረመ።

መምህር ጥላዬ ታሪኩን እዚህ ላይ ጨረሱ። ሰናይት ከአገረ ገዥው ጋር ኮረብታው ላይ ቀርታ ነበርና ለመመለስ ጥቂት ቆየች። ወደ ስክሪኑ ዞራ ፕሮግራሟን ከላይ አነበበች። በሦስተኛው ገጽ፣ መልእክቱ ከሚያልፍባቸው ሦስት የፕሮግራሙ ክፍሎች ዱካ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ የሚያዝዙ ሦስት መስመሮች አጠገብ ለአጠገብ አሉ። ከላይኛው፣ የደረሰው መልእክት ከሚታይበት ክፍል ያለውን ጻፍ፣ ክፍት። ከመካከለኛው፣ ዝግ። ከታችኛው፣ መልእክት ከመልእክት የሚጋጭበትና አየር ላይ የሚቀርበት ክፍል፣ እሱም ዝግ። ከሦስት ሳምንት በፊት ፋይሉ ኮምፒውተሩን ሲሞላባት ራሷ ነበረች የዘጋቻቸው። ዘጋችና ረሳች።

«እኔ ነኝ የዘጋሁት» አለች ቀስ ብላ።

«ማን ይሆናል ታዲያ?» አሉ መምህር ጥላዬ። ድምፃቸው ውስጥ ወቀሳ አልነበረም። «ልጄ፣ አገረ ገዥዋ አንቺ ነሽ። ሶፍትዌሩ የደጁ ጸሐፊ ነው፤ አልዋሸሽም፣ ጻፍ ያልሽውን ጻፈ። ዜሮ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ፈልገው ያጡት ነው፤ ሌላው ያልፈለጉት ነው። መዝገብ ላይ ሲቀመጡ መልካቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው ከላይ ያለው ትእዛዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ባዶ ዱካ ባየሽ ቁጥር፣ ደስ ከመሰኘትሽ በፊት፣ ምን እንዳይጻፍ እንዳዘዝሽ አንብቢ።»

ሁሉንም ብትከፍተው ፋይሉ እንደገና እንደሚሞላባት ነገረቻቸው።

«መረቡ የሚሞከርበትን ጊዜ አሳጥሪው። ሰዓት ይቀነሳል፣ ጆሮ አይቀነስም።»

ሰናይት ሁለቱን ዝግ ክፍሎች ከፈተች፣ ጊዜውን ወደ አንድ አሥረኛ አወረደች፣ አስነሣችው። ዱካው መውረድ ጀመረ። «ጠፋ» የሚለው መስመር ገና ከመጀመሪያው ገጽ መጣ፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ፣ አብዛኞቹ ከታችኛው ቆላ ኬላ የተላኩ። ስታሰላው ከሦስት ጥሪ አንዱ ገደሉን አልተሻገረም። «ምሰሶው አያስፈልግም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አጠፋችው። ለወረዳው ሰዎች ምን ብላ እንደምትጀምር እያሰበች፣ ቁጥሩን እንዴት እንደምታቀርብላቸው መምህሯን ጠየቀች፤ ስንት መልእክት እንደጠፋ ትንገራቸው ወይስ ከመቶ ስንት?

መምህር ጥላዬ ወንበራቸውን ወደ ቦታው መለሱ። «ከመቶ ስንት ንገሪያቸው፤ እነሱ የሚያስቡት እንደዚያ ነው» አሉ። «አንቺ ግን መስመሮቹን አንድ በአንድ አንብቢያቸው። እያንዳንዷ፣ አንድ ሰው ተጣርቶ ያልተሰማባት ናት።»