ጢሲት፣ ፀጥታና ቁልቁለቱ

ተረት ተረት ብዬ ስጀምር የላም በረት እንዳትሉኝ። የዛሬው በረት ውስጥ የታሰረ ላም የለም፤ የቆሙት ሁለት መኪኖች ናቸውና «የመኪና በረት» በሉኝ። ጎሽ፣ እንደሱ!

ድሮ ድሮ ነው። ያን ያህል ድሮም አይደለም፤ መኪና አፍ አውጥታ በምትናገርበት፣ ድመትና ጅብ ለመኪና ምክር በሚሰጡበት ዘመን ነው። በአንድ ትልቅ ገደል አፋፍ ላይ ጋሽ ድንቁ የሚባሉ ሾፌር ይኖሩ ነበር። ከተማውም፣ ገበያውም፣ ሆስፒታሉም ከገደሉ ማዶ ነው። ማዶ ለመድረስ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ዳገቱን መውጣት ግድ ነው።

ጋሽ ድንቁ አንዲት አሮጌ መኪና ነበረቻቸው። ስትሄድ ከኋላዋ ጭስ ስለማይጠፋ ስሟን ጢሲት አሏት። ጢሲት ስትነሳ ትስላለች፣ ስትቆም ትንቀጠቀጣለች፣ ዳገት ስትወጣ ታቃስታለች። ጋሽ ድንቁ ታዲያ መሪዋን ደባበስ ያደርጉና «አይዞሽ እናቴ፣ አይዞሽ» ይሏታል። እሷም ይህን ከሰማች ትወጣለች። ልጃቸው እንደሀብቷ የተወለደች ጊዜ ከሆስፒታል ታቅፋ ያመጣቻት ጢሲት ናት። ወደ ትምህርት ቤት ያመላለሰቻት ጢሲት ናት። ሙሽራ ሆና ስትወጣም በአበባ ተሸልማ ፊት ፊት የሄደችው ጢሲት ናት።

የጢሲት ድምፅ ግን ነጎድጓድ ነው። ጋሽ ድንቁ ከዚያ ነጎድጓድ ጋር ሲኖሩ፣ ሲኖሩ ጆሯቸው ደከመ። ሰው ሲያናግራቸው «እ?» ይላሉ። ሲደገምላቸውም «እ?» ይላሉ። ጢሲት ስትናገር ብቻ አንዴ ይበቃቸዋል።

ታዲያ አንድ ክረምት ነዳጅ ጠፋ። ጋሽ ድንቁ ማደያ በር ላይ ተሰልፈው ይውላሉ፣ ተሰልፈው ያድራሉ፤ ወረፋው ሲደርሳቸው «አልቋል» ይባላሉ። ተሳፋሪ ይጠብቃል፣ ጢሲት ባዶ ሆዷን ትቆማለች። ጋሽ ድንቁ መረራቸው። ለፍተው ያጠራቀሙትን ሁሉ አፍስሰው የኤሌክትሪክ መኪና ገዙ።

አዲሷ መጣች። ነጭ ናት፣ ለስላሳ ናት፣ ኮሽታ የላትም። «ወይዘሪት ፀጥታ» አሏት። ፀጥታ ማደያ አትሰለፍም፤ ማታ ሶኬት ላይ ከተሰካች ጠዋት ጠግባ ትነሳለች። ጭስ ስለሌላት ጎረቤት ያሰጣው ነጠላ ነጭ እንደሆነ ይውላል። ተሳፋሪው ውስጧ ሆኖ ሳይጯጯህ ያወራል። ሰው ሁሉ ወደዳት፤ እኔም ብሆን እወዳት ነበር።

አንድ ችግር ግን ነበር። ጋሽ ድንቁ የድሮ ሾፌር ናቸው። የድሮ ሾፌር ደግሞ ቁልቁለት ሲያይ እጁን ይበላዋል፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ነጻ ለቆ፣ መኪናዋን በራሷ ክብደት ማንደርደር ነው። ፎሌ ማስገባት ይሉታል። ጋሽ ድንቁም ፀጥታን ቁልቁለቱ አፍ ላይ አደረሷትና ፎሌ አስገቧት። ፀጥታ ተንደርድራ ወረደች፤ ዳገቱ መሐል ስትደርስ ግን ባትሪዋ አለቀና ቀጥ አለች። በበሬ ተጎትታ ወጣች። በሌላ ቀን እንዲሁ ሆነ፤ በጭነት መኪና ተጎትታ ወጣች። ሰው ሳቀ። በአካባቢው ያሉ መካኒኮች ኮፈኗን ከፍተው አዩና የሚያውቁት ነገር ቢያጡ መልሰው ዘጉት።

ጋሽ ድንቁ በረቱ በር ላይ ቆመው ለሁለቱም ተናገሩ።

«ይህ በረት ሁለት መኪና አይችልም። ፀጥታ፣ አንዴ ደግመሽ ካቆምሽኝ ለሻጩ እመልስሻለሁ። ካላቆምሽኝ ደግሞ ጢሲት ትሄዳለች። ቆራሌው መጥቶ ብረቷን ይወስዳል።»

ጢሲት ይህን ስትሰማ እስከ ጎማዋ ድረስ ቀዘቀዘች።

በዚያ ምሽት ፀጥታ በቀጭን ድምጿ አናገረቻት።

«እማማ ጢሲት፣ ቁልቁለት ለኔ ግጦሽ ነው። በማርሽ ይዘውኝ ቀስ ብለው ቢያወርዱኝ ጎማዬ እየዞረ ባትሪዬን ይሞላል። በፎሌ ሲለቁኝ ግን ግጦሹን ዓይኔ እያየ አልፈዋለሁ። ‹ጋሼ፣ ፎሌ አያስገቡ› እላቸዋለሁ፣ ‹እ?› ይሉኛል። ደግሜ እላቸዋለሁ፣ ‹እ?› ይሉኛል። አንቺን ብቻ ነው የሚሰሙት። ንገሪልኝ።»

ጢሲት መልስ አልሰጠችም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አላት። ዝም ካለች ፀጥታ ትቆማለች። ፀጥታ ከቆመች ትመለሳለች። ፀጥታ ከተመለሰች ቆራሌው አይመጣም።

በማግስቱ እመት ድመት መጣች።

«ጢሲቴ፣ አንቺ ከመንገድ ስትመለሺ ኮፈንሽ እንደ ምድጃ ይሞቃል። ልጆቼን ያሳደግኩት እሱ ላይ ነው። ያቺ ቀኑን ሙሉ ሄዳም ስትመጣ ቀዝቃዛ ናት። ዝም በይ፣ ትመለስ!»

ጢሲት ዝም አለች።

ቀጥሎ አቶ ውሻ መጣ።

«እኔስ ሥራዬን አጣሁ! አንቺን ከሩቅ እሰማለሁ፣ እነሳለሁ፣ እየጮህኩ እስከ ማዞሪያው እሸኝሻለሁ። ያቺን የማያት አልፋኝ ከሄደች በኋላ ነው። ውሻ የማትቀሰቅስ ምን መኪና ናት? ዝም በይ፣ ትመለስ!»

ጢሲት ዝም አለች።

ሲመሻሽ ደግሞ አያ ጅቦ ከአጥሩ ጀርባ ብቅ አለ።

«አንቺ ማንንም ድንገት የማታስደነግጪ ነሽ። ገና ከማዶ ስትነሺ እሰማሻለሁ፤ እራቴን ጨርሼ፣ አፌን ጠርጌ ከመንገድ እወርዳለሁ። ያቺ ግን ትናንት ጭራዬን ልትወስደው ነበር! ዝም በይ እንጂ፣ ትመለስ!»

ጢሲት አሁንም ዝም አለች። ይህኛው ዝምታ ግን ከበዳት። ምክሩ ለራሷ የሚመች ቢሆንም፣ ማታውን ሙሉ የፀጥታ «ንገሪልኝ» ጆሮዋ ላይ ቀረ።

እንግዲህ እንደሀብቷ ባሏ ለሥራ ርቆ ስለነበር ልትወልድ ወላጆቿ ቤት ገብታለች። በዚያው ሰሞን አንድ ማታ ፀጥታ ገና ሶኬት ላይ እንደተሰካች መብራት ሄደ። ሊነጋጋ ሲል ምጥ መጣ። እናቷ ወይዘሮ አልጋነሽ ጓዳ ለጓዳ ሮጡ። አምቡላንስ ቢደወልለት ሌላ በሽተኛ ይዞ ሄዷል። ጢሲት ጠብታ ነዳጅ የላትም። ፀጥታ ሩቧ እንኳ አልሞላም።

«ሌላ ምን አለኝ? በዚህችው እንሄዳለን» አሉ ጋሽ ድንቁ፤ ቁልፉን እያነሱ።

እንደሀብቷ በእናቷ ተደግፋ ወጣች። ምጡ ሲይዛት ለመተንፈስ ቆመችና እጇን ጢሲት በር ላይ አሳረፈች። የልጅነት እጇ ነው፤ ያንን በር ስትከፍትና ስትዘጋ ያደገች እጅ። ጢሲት ያን ጊዜ ቆራሌውንም፣ ብረቷንም፣ ሁሉንም ረሳችው።

«ድንቁ!» አለች በነጎድጓድ ድምጿ።

ጋሽ ድንቁ ዘወር አሉ።

«ቁልቁለቱ ላይ ፎሌ እንዳታስገባ!»

«ምን ማለትሽ ነው? ዕድሜ ልኬን ካንቺ ጋር በፎሌ አይደለም እንዴ የወረድኩት?»

«እሱ ለኔ ነው፣ ለሷ አይደለም! እኔ ቁልቁለት ላይ ሆዴን ይዤ እቆጥብልሃለሁ፤ እሷ ግን ቁልቁለት ላይ ትመገባለች። በማርሽ ይዘሃት ቀስ ብለህ ውረድ። ስትወርድ የያዘችው ለዳገቱ ይሆናታል።»

«ይህን እያወቅሽ እስከዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈራሁ» አለች ጢሲት። «ቆራሌውን ፈራሁ፣ ድንቁ።»

ጋሽ ድንቁ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ እንደሀብቷ ስትጮህ ግን ሮጠው ገቡ። ፀጥታም ኮሽ ሳትል ወጣች።

ጢሲት ከአፋፉ ላይ ሆና ቁልቁል ታያለች። መንገዱ ሦስት ቦታ ይጠማዘዛል። ድንቁን እንደ ጎማዋ ታውቀዋለች፤ መኪናዋ ቀስ ካለች በማርሽ ይዟታል፣ ከተወረወረች እጁ ወደ ልማዱ ሄዷል።

የመጀመሪያው ጥምዝ ላይ ነጯ መኪና ቀስ ብላ ወረደች። «ጎሽ የኔ ልጅ» አለች ጢሲት።

ሁለተኛው ጥምዝ ላይም ቀስ አለች። «ጎሽ!»

ሦስተኛው ጋ ስትደርስ ቁልቁለቱ ባሰ፤ ነጯ መኪና ተወረወረች። እንደሀብቷ ውስጥ ሆና እየጮኸች ነው፣ ጋሽ ድንቁ ደንግጠዋል፣ የደነገጠ እጅ ደግሞ የሚያውቀውን ነው የሚያደርገው። ፀጥታ «ጋሼ! ጋሼ!» ትላለች፤ ማን ይስማት!

ጢሲት ነዳጅ የላትም፣ መሄድ አትችልም። ያላት አሮጌ ባትሪዋ ውስጥ የቀረች ጭላጭ ኃይል ናት። እሷን ሁሉ ሰብስባ ክላክሷን አስጮኸችው። ገደሉ ተቀብሎ ደገመው። እመት ድመት ከግንቡ ላይ ዘለለች፣ አቶ ውሻ አለቀሰ፣ አያ ጅቦም ከመንገድ ወረደ። ጢሲት እንደገና አስጮኸች። ሦስተኛው ጩኸት ጀምሮ ቀጠነ፣ ቀጠነና ጠፋ። ከዚያ በኋላ ድምፅ አልነበራትም።

ታች ግን ጋሽ ድንቁ ሰምተዋል። ነጯ መኪና ቀስ አለች። ወንዙን ተሻገረች፣ ዳገቱን ያዘች። መሐሉ ላይ፣ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ የቆመችበት ቦታ ላይ ስትደርስ ጢሲት «አይዞሽ እናቴ» ልትላት ፈለገች፤ ቃል አልወጣም። ፀጥታ ግን አልቆመችም። እያነሰች፣ እያነሰች ሄዳ ማዶ አፋፉ ላይ ወጣችና ወደ ሆስፒታሉ ታጠፈች።

ጢሲት ደስ አላት። ከዚያ ደግሞ የሚመጣባትን አሰበችና አዘነች። ሁለቱም እውነት ነው።

በማግስቱ እንደሀብቷ ሴት ልጅ ታቅፋ በወይዘሪት ፀጥታ ተሳፍራ ተመለሰች። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላም ቆራሌው «ቆራሌው!» እያለ በሩ ላይ ደረሰ። ፀጥታ አላቆመቻቸውም፤ ስለዚህ በቃላቸው መሠረት የምትሄደው ጢሲት ናት። ቆራሌው ዞሯት፣ በእርግጫ ጎማዋን ነካ ነካ አደረገ። ጢሲት ልትለምን ብትሞክር ድምፅ የላትም።

ጋሽ ድንቁ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«የምሸጠው መኪና የለኝም» አሉ።

«ይህቺስ?»

«አትሸጥም።»

«ጋሼ፣ ነዳጅ የላት፣ ባትሪዋ ሞቷል፣ አትሄድም። ከእንግዲህ ምን ትሠራልዎታለች?»

ጋሽ ድንቁ እጃቸውን የልጃቸው እጅ ያረፈበት በር ላይ አኖሩ።

«ትናንት ሠርታ ጨርሳለች» አሉ። «አሁን ታርፋለች።»

በረቱንም ለሁለቱ አሰፉት። ፀጥታን ሲነዱ ጆሯቸውን ወደ መሪው ጠጋ አድርገው «ምን አልሽ የኔ ልጅ?» ማለትንም ለመዱ።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ካማራችሁ ግዙ። ጭሱ ይቀርላችኋል፣ ሰልፉ ይቀርላችኋል። መብራት ሲሄድ መቆማችሁን፣ ባትሪው ሲያረጅ ኪሳችሁን ማድማቱን ግን አትርሱ። አዲሱን ስትይዙ አሮጌው የሚለውን ስሙ፤ ነግሯችሁ ሲደክም ደግሞ አሳርፉት። እኔም ተናግሬ ጨርሻለሁ፤ ዳቦዬን ቁረሱልኝና ልረፍ።